ስማቸውን ወርቅና ነሐስ ያቈየላቸው ነገሥታት
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በምዕራብ ሸዋ በምትገኘው በእንጭኒ ከተማ በገበያ ቀን ሳልፍ፥ አንዲት አረጋዊት ከማተባቸው ጋር ጠገራ ብር አንጠልጥለው አየሁ። ጠጋ ብዬ፥ «እማማ፥ በብሩ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ንግሥት ናት ይላሉ፤ እናቴም ስሟን አታውቀውም ነበር፤ ብሩ ግን ደኅና ብር ነው፥ ልጄ» ብለው መለሱልኝ።

ብሩ በእርግጥ ደኅና ብር ነው። ያገራችን ነጋዴ ጠገራውን ከመቀበሉ በፊት የንግሥቲቱን የጌጥ ፈርጥ በጣቱ እየዳበሰ ይቈጥር እንደ ነበረ አረጋውያን ይነግሩናል። ዙሪያውን የተቀረጸውን ጽሕፈት ግን የሚያነበው እምብዛም አልነበረም። ጽሕፈቱ በላቲን ፊደል በአሕጽሮት የተሠራ ሲሆን፥ ማርያ ቴሬዛ በእግዚአብሔር ጸጋ የሮማ እቴጌ፥ የሁንጋሪያና የቦሄሚያ ንግሥት መሆንዋን ይናገራል። በጀርባው 1780 የሚል ዓመት አለበት። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚሁ በ1780 ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ከሞተች በኋላ መልኳና ዓመቱ ሳይለወጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታተም ኖሯል። እንግዲህ ያ ብር ስሟን ከማያውቅ ሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ስሟን፥ መልኳን፥ ማዕርጓንና ዓመቷን ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

ይህ ነገር በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ የነበሩትን ሁለት የጥንት መንግሥታት አሳሰበኝ። አንደኛው የእኛው አክሱም ነው። ሁለተኛው ዛሬ ዮርዳኖስ በሚባለው አገር፥ ከዐለት ተፈልፍላ በተሠራችው በፔትራ ከተማ ዙፋኑን የዘረጋው የናባጣውያን መንግሥት ነው። ከሁለቱም በዘመኑ የተጻፈ ዜና መዋዕል አልደረሰንም። ነገር ግን የሁለቱንም ነገሥታት በስም እንጠራቸዋለን። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ነው ዛሬ ልገልጽላችሁ የፈለግሁት።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ በግሪክ ቋንቋ ስለ ኤርትራ ባሕር፥ ማለት ስለ ቀይ ባሕርና ከእርሱም ወዲያ ስላለው ውቅያኖስ፥ የመርከበኞች መምሪያ ጽፎ ነበር። በዚያች ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ መንግሥታት በቅርብ ገጾች ይገናኛሉ። በሰሜን በኩል ሌውኬ ኮሜ፥ ትርጓሜዋ ነጭ መንደር፥ የምትባል ወደብ አለች፤ ከዚያ ወደ ፔትራ፥ ወደ ናባጣውያን ንጉሥ ወደ ማሊካስ የሚያደርስ መንገድ ይነሣል ይላል። በወደቡም ከሚገባው ዕቃ ከአራት አንዱን የሚቀበል ቀራጭ፥ ከእርሱም ጋር አንድ መቶ አለቃ ከነጭፍራው ተቀምጦ እንደ ነበረ ይጨምራል። (ከመቶው ሃያ አምስት ቀረጥ መሆኑን የጕምሩክ ባልደረቦቻችን ሳያስተውሉት አይቀሩም።) ወደ ደቡብ ወርዶ ደግሞ አዱሊስን ይጠቅሳል፤ በዚያ አገር የሚገዛው ዞስካለስ የተባለ ሰው መሆኑን፥ ለገንዘቡ የሚሣሣና ዘወትር ተጨማሪ የሚፈልግ፥ በሌላው ነገር ግን ደግ ሰው፥ የግሪክንም ጽሕፈት የተማረ መሆኑን ይነግረናል።

ከዞስካለስ ያለን ይህ ብቻ ነው። አንድ መንገደኛ ስለ ገንዘብ ሣሣነቱ ያማው ሐሜት ባይደርሰን ኖሮ ስሙም ባልታወቀ ነበር። በራሱ ስም ያስቀረጸው ገንዘብ አልተገኘምና። ማሊካስ ግን ከዚህ የተለየ ዕድል ነበረው።

የናባጣውያን ነገሥታት የራሳቸውን ገንዘብ ያትሙ ነበር። ከሁሉ የታወቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ9 ዓመት ጀምሮ እስከ 40 ዓመተ ምሕረት ድረስ የነገሠው አራተኛው አሬታስ ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ ስሙ ሐሪታት ይባላል። ይህን ንጉሥ ሳናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን። ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ ሳለ፥ ከንጉሥ አሬታስ በታች የሆነ ገዢ ሊያስይዘው ከተማይቱን ሲያስጠብቅ፥ እርሱ በቅርጫት ሆኖ በመስኮት ወርዶ ማምለጡን ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል፤ አሬታስ ይኸው ነው። ሄሮድስ አንቲጳስ የወንድሙን ሚስት ሄሮድያዳን ሊያገባ ሲል የሰደዳት ሕጋዊት ሚስቱም የዚሁ የአሬታስ ልጅ ነበረች። መጥምቁ ዮሐንስ «አይገባህም» ብሎ በገሠጸበት በዚያ ነገር አማትየው ዝም አላለም፤ በኋላ ጦር አንሥቶ የሄሮድስን ሠራዊት ሰብሯል።

ይህን ሁሉ የነገሩን ግን የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ሐዋርያው አንድ፥ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሓፊ ዮሴፍም ሁለት። አሬታስ ስለ ራሱ የተናገረውን ለመስማት የምንችለው ከገንዘቡና ከድንጋዩ ብቻ ነው። በገንዘቡ ላይ «የናባጣውያን ንጉሥ፥ ሕዝቡን የሚወድ» ተብሎ ተጽፏል። ከመልኩ ጋርም የንግሥቲቱ መልክ ጐን ለጐን ተቀርጾ ይታያል፤ በመጀመሪያ የሑልዱ፥ በኋላ የሻቂላት። የንግሥቲቱ ስምና መልክ ሲለወጥ የቤተ መንግሥቱ ታሪክም መለወጡን እናነባለን። በዛሬዪቱ ሳዑዲ ዓረቢያ ሔግራ በተባለው ስፍራ፥ ዐለት ፈልፍለው መቃብር ያሠሩ ባለጸጎች ደግሞ ደጃፉ ላይ በንጉሡ ዘመን በዚህ ዓመት ተሠራ እያሉ ጽፈዋል፤ መቃብሩን የነካም በአሬታስ ብር ይህን ያህል መቀጫ ይክፈል ብለው አስጠንቅቀዋል። የንጉሡ ገንዘብ በሙታን ደጅ እንኳ የዳኝነት መለኪያ ሆኖ ነበር።

ገንዘብ የሚናገረው ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። የናባጣውያን የመጨረሻ ንጉሥ ሁለተኛው ራብኤል በ70 ዓመት ሲነግሥ ገና ልጅ ነበረ። ይህን የሚነግረን በመጀመሪያዎቹ የመንግሥቱ ዓመታት በታተመው ገንዘብ ላይ ከእርሱ ጋር የተቀረጸችው እናቱ ሻቂላት መሆንዋ ነው። ኋላ የእናቲቱ መልክ ይቀርና ሚስቱ ጋሚላት ትተካለች። እናት በሞግዚትነት ቈይታ መንግሥቱን ለልጅዋ ማስረከብዋን፥ አንድም መጽሐፍ ሳንገልጥ፥ በጣት ጥፍር ከሚሸፈን ብረት አነበብን። በ106 ዓመት የሮማው ቄሣር ትራያኖስ ግዛቱን ወስዶ የዓረቢያ አውራጃ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በናባጣውያን ንጉሥ ስም የታተመ ገንዘብ የለም።

አሁን ባሕሩን ተሻግረን ወደ አገራችን እንመለስ።

ናባጣውያን ነጻነታቸውን ካጡ በኋላ፥ አክሱም እየበረታች በሄደችበት ዘመን፥ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ የእብነ በረድ ዙፋን አቁሞ ድሉን በግሪክ ቋንቋ አስጻፈበት። በነገሠ በ27ኛው ዓመት ነው። አጋሜን ወጋሁ ይላል፤ በረዶው ሰውን እስከ ጕልበት በሚያሰጥምበት ተራራ የሚኖሩትን የስሜንን ሰዎች አስገበርሁ ይላል፤ በባሕር ማዶም ጦር ልኬ ከሌውኬ ኮሜ እስከ ሳባ ምድር ድረስ ተዋጋሁ ይላል። ሌውኬ ኮሜ ያች ቀራጩ ከመቶ አለቃው ጋር የተቀመጠባት የናባጣውያን ወደብ ናት። ከእኔ በፊት እንዲህ ያለ ንጉሥ አልነበረም እያለ የሚናገረው ይህ ታላቅ ድል አድራጊ ስሙ ማን ነው? አናውቅም። የጽሕፈቱ መጀመሪያ፥ ስሙ የነበረበት ክፍል፥ ጠፍቶ ነበርና።

የቀረውም ቢሆን በአንድ የመንግሥት ትእዛዝ ምክንያት ተረፈ። በ525 ዓመት ገደማ ንጉሡ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት ሲሰናዳ፥ የአዱሊስ ገዢ በዙፋኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት አስገልብጦ እንዲልክለት ጻፈለት። ገዢውም ግሪክኛ የሚያውቁ ሁለት እንግዶች ነጋዴዎችን ጠርቶ ሥራውን ሰጣቸው፤ አንደኛው ኋላ የሕንድ ባሕር ተጓዥ የተባለው ኮስማስ፥ ሁለተኛው ሜናስ የተባለው ጓደኛው ነበሩ። ቅጂው ለገዢው ተሰጠ። ኮስማስ ለራሱም አንድ ቅጂ አስቀርቶ በመጽሐፉ ውስጥ አገባው። ለቤተ መንግሥት የተላከው ቅጂ የለም፤ ዙፋኑም ራሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዛሬ የምናነበው ያን የነጋዴውን ቅጂ ነው። በመዝገብ ቤት ለምትሠሩት ባልንጀሮቼ ይህን ታሪክ ያለ አስተያየት አልፈዋለሁ።

ከዚህ ስመ ጠፊ ድል አድራጊ ጋር አንድ ሌላ ንጉሥ እናነጻጽር። በ270 ዓመት ገደማ እንዱቢስ የተባለ የአክሱም ንጉሥ ነበረ። ያደረገውን ጦርነት አናውቅም፤ ያሠራው ሐውልት ይኑር አይኑር አናውቅም። በስሙ ግን የወርቅና የብር ገንዘብ አስመታ፤ እስካሁን በተገኘው መረጃ መሠረት ገንዘብ ያስመታ የመጀመሪያው የአክሱም ንጉሥ እርሱ ነው። በወርቁ ላይ በግሪክ ፊደል «እንዱቢስ ንጉሥ» ይላል፤ በሌላው ገጽ «የአክሱማውያን፥ ብእሲ ዳኩ» የሚል አለ። «ብእሲ» የግእዙ «ብእሴ» መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የነገድ ወይም የጭፍራ ስም ነው ይባላል፤ ዒዛና ብእሴ ሐሌን፥ ካሌብም ብእሴ ልዝን እየተባሉ ተጽፈዋል። እንግዲህ ያ ዓለምን ገዛሁ ያለው ንጉሥ ስም የለሽ ሲሆን፥ እንዱቢስ ሁለት ግራም ከሰባት በሚሆን ወርቅ ስሙን፥ መልኩንና የወገኑን ስም አቆየ።

እንዲህ ያለውን መሐለቅ በእጁ ያገኘ ሰው የሚያየው ይህን ነው። በአንደኛው ገጽ ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ፥ በሌላው ገጽ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ይታያል፤ በኋለኞቹ ወርቆች ላይ ግራና ቀኙን የስንዴ ወይም የገብስ ዘለላ ያጅበዋል። ሌሎች ነገሥታት ከአንበሳ ወይም ከንስር ጋር ሲታዩ፥ የእኛዎቹ ከእህል ጋር መታየትን መረጡ። ከራሱ በላይ በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ዘመን ጨረቃና ክብ ፀሐይ ይታያሉ። ከእንዱቢስ በኋላ አፊላስ፥ ከዚያም ዋዜባ መጡ። ዋዜባ በገንዘብ ላይ ግእዝን ያስቀረጸ የመጀመሪያው ንጉሥ ነው፤ ይህም ብቻ ስሙ እንዲታወስ ይበቃዋል። ከርሱ በኋላ ወርቁ ወደ ውጭ ስለሚሄድ በግሪክ፥ ብሩና ነሐሱ በአገር ውስጥ ስለሚዞር እየቈየ በግእዝ መጻፍ ልማድ ሆነ። አንዳንዱን ብርና ነሐስ ደግሞ መስቀሉን ወይም የንጉሡን ራስ ከበው በወርቅ ለብጠውታል። በሺሕ ለሚቈጠር የገበያ ነሐስ እንዲህ ያለ የአንጥረኛ ድካም መድከም በሌላው ዓለም ያልተለመደ ነው።

ዒዛና ዘንድ ስንደርስ ትልቁ ለውጥ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ገንዘቦቹ ላይ ፀሐይና ጨረቃ አሉ፤ በኋለኞቹ ላይ መስቀል አለ። ንጉሡ ክርስትናን መቀበሉን ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከገበያው ገንዘብ እናረጋግጣለን። በዓለም ላይ መስቀልን ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች መካከል የእርሱ ይቈጠራሉ። ዘመኑንም ለመገመት ክብደቱ ይረዳል። ታላቁ ቈስጠንጢኖስ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሮማን ወርቅ ክብደት ቢለውጥ፥ የአክሱም ወርቅም ከሁለት ግራም ከሰባት ወደ አንድ ግራም ከስድስት ያህል ወረደ፤ ነጋዴው በሁለቱ ባሕሮች መካከል ሲመነዝር እንዳይቸገር ነው። በ356 ዓመት ደግሞ ቄሣር ቈንስጣ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጽሕፈት መካከል ተጠብቆ ስላለ፥ ሚዛኑም ደብዳቤውም ወደ አንድ ዘመን ያመለክታሉ።

ከዒዛና ወዲህ በወጡት የነሐስ ገንዘቦች ላይ በግሪክ ቋንቋ «ይህ ለሀገሩ ደስ ይበለው» የሚል ቃል ተጽፏል። እኔ ይህን ቃል ከድል ጽሕፈቶች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ወርቁን የሚይዘው የሩቅ ነጋዴ ነው፤ ነሐሱን የሚይዘው ጨው የሚገዛ ባላገር ነው፤ ቃሉም የተጻፈው ለባላገሩ ነው። አሬታስ ሕዝቡን እወዳለሁ አለ፤ የአክሱም ነገሥታት ሕዝቡ ደስ ይበለው አሉ። ሁለቱም ቃላቸውን ምን ያህል እንደ ጠበቁ ገንዘቡ አይነግረንም። ገንዘብ የሚናገረው ንጉሡ ሊባልለት የፈለገውን ነው፤ ማርያ ቴሬዛም ከሞተች በኋላ በሕይወት እንዳለች ሆና ታትማለችና የገንዘብን ምስክርነት ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም።

ከእንዱቢስ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ በገንዘብ ስማቸው የታወቀ የአክሱም ነገሥታት ሃያ ያህል ይሆናሉ። በኋለኛው ዘመን በየገዳማቱ የተገለበጡ የነገሥታት ስም ዝርዝሮችም አሉን፤ ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1909 አሰባስቦ አሳትሟቸዋል። ከገንዘቡ ጋር ሲያስተያዩአቸው ግን አብዛኞቹ ስሞች አይገጥሙም። እንዱቢስና አፊላስ በዝርዝሩ የሉም። ዝርዝሩ አብርሃና አጽብሓ የሚላቸውን ወንድማማቾች ድንጋዩና ገንዘቡ አያውቋቸውም፤ ዒዛናን ነው የሚያውቁት። በዚህ ምክንያት ዝርዝሮቹን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። አንድ ንጉሥ የልደት ስም፥ የንግሥ ስምና የወገን ስም ስለ ነበረው፥ ካሌብን ራሱን ግሪኮች በሌላ ስሙ እለ አጽብሓ ብለው ይጠሩታል። ካሌብ የሚለውን ስም ከአባቱ ከታዜና ስም ጋር ያገኘነው በወርቁ ላይ ነው። ሁለት ምስክሮች የተለያየ ስም ቢጠሩ አንዱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም።

ነገር ግን ሊቃውንቱ ነገሥታቱን በየተራቸው ለማሰለፍ የሚችሉት መሐለቁ የት፥ ከምን ጋር እንደ ተገኘ ሲታወቅ ነው። በ1980 ዓመት በየመን፥ ከዐደን በስተ ምዕራብ አል መዳሪባ በተባለው ስፍራ የተቀበረ ወርቅ ተገኘ። በውስጡም 868 የአክሱምና 326 የሮማ መሐለቆች ተደባልቀው ነበር። የሮማ ቄሣሮች ዘመን በመጽሐፍ የታወቀ ነው፤ እንግዲያስ ከእነርሱ ጋር አብረው የተቀበሩት የአክሱም ነገሥታት ዘመን በእነርሱ ይለካል ማለት ነው። ያ ወርቅ አንድ በአንድ ለየሱቁ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ፥ ወርቅነቱ እንጂ ምስክርነቱ አይተርፍም ነበር።

የመጨረሻው በገንዘብ የምናውቀው ንጉሥ አርማሕ ነው። በነሐሱ ላይ በሙሉ ቁመናው በዙፋን ተቀምጦ ይታያል። ከእርሱ በኋላ አክሱም ገንዘብ ማስመታት አቆመች፤ የሚቀጥሉትን ነገሥታት ስም በትክክል የሚነግረንም ጠፋ። ከናባጣውያን ላይ የሆነው በእኛም ላይ ሆነ ማለት ነው።

አሁንም በትግራይ ገበሬ ሲያርስ፥ ዝናም አፈሩን ሲያጥበው እንዲህ ያለ መሐለቅ ብቅ ይላል። አንድ የካሌብ ወርቅ አንድ ግራም ከግማሽ ያህል ነው፤ አንጥረኛ ቢያቀልጠው ለአንድ ደኅና ቀለበት እንኳ አይበቃም። ከእናንተ መካከል ነገ በመንገድ ሥራ፥ በውሃ ቍፋሮ ወይም በወረዳ አስተዳደር ወደዚያ የሚመደብ ይኖራል። በእኛ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የተደነገገው አዋጅ ቍጥር 209፥ በቍፋሮ ወይም በግንባታ ምክንያት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከብ ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል። «እንዳለ» የሚለውን ቃል አስተውሉ። አለማጠብ፥ አለመፈተግ፥ ካለበት አለማንሣት፥ ከአጠገቡ የወጣውን ሸክላና ዐጥንትም አለመጣል ነው። ስፍራውንና ቀኑን ወዲያው በወረቀት ማስፈር ግን ከማንኛችሁም አቅም በላይ አይደለም፤ ኮስማስ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የእንጭኒዋ እናት ጠገራቸው የእቴጌ ማርያ ቴሬዛ መሆኑን ስነግራቸው፥ መጀመሪያ ነገሩን አላመኑትም ነበር። ኋላ «ማርያ» የሚለውን ስም ደጋግመው ከሰሙ በኋላ፥ «እንግዲያስ ስመ ማርያም ናታ!» አሉና ብራቸውን ከማተባቸው ጋር ወደ ነጠላቸው ውስጥ መለሱት።